የወጨፎ ጥይት ዋጋ

አጎቴን ይቅር አላልኩትም። መጨረሻው ላይ ይቅርታ የሚመጣ መስሎት የሚጠብቅ አንባቢ ካለ ከወዲሁ ልንገረው፤ አይመጣም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? እኔ ደግሞ የተወጋሁት በእናቴ በኩል ነው። በራሴ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እተወው ነበር።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። እኔ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ያለችው አሌክሳንድርያ ባለ አንድ ክፍል ስቱዲዮ ተከራይቼ፣ ኪንግ ስትሪት አጠገብ ያለ የአሮጌ ዕቃ፣ አንቲክ ሱቅ እሠራ ነበር። እናቴ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አጎቴ ቤት፣ ከምድር በታች ያለው ቤዝመንት ውስጥ ትኖራለች። እሷን ለማምጣት የእኔ ደሞዝ ስላልበቃ አፊዳቪቱን፣ የዋስትናውን ወረቀት፣ አብሮኝ የፈረመው እሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ "እኔ ባላመጣት ኖሮ" የምትለዋን ነገር እንደ ዳዊት ጠዋት ማታ ይደግማታል። እናቴም ውለታውን በወጥ ቤቱ ትከፍላለች።

አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። እናቴ ጎንደር ላይ አባቴን ስታገባ እሱ ገና ንፍጡን ያልጠረገ ልጅ ነበር። ቅማሉን ለቅማ፣ እግሩን አጥባ ያሳደገችው እሷ ናት። አባቴ ሲሞትም ትምህርቱን ያስጨረሰችው እሷው ናት። አሜሪካ ስትመጣ ግን አንቱ አለችው። ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ "የሰው ቤት ነው ልጄ" አለችኝ። እሱ ደግሞ አንድም ቀን "ኧረ እትዬ፣ እኔን አንቱ ትያለሽ!" አላላትም። ደልቶት ተቀበላት።

ሳሎኑ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ በመስታወት ሣጥን አንድ ዝናር ሰቅሏል። የእሱ አያት፣ የእኔ ቅድመ አያት ዝናር ነው፤ ዙሪያውን የወጨፎ ጥይት የተሰካበት ሰፊ የቆዳ መታጠቂያ። ወጨፎ ማለት ድሮ ከግብፆች ጋር በተደረገው ጦርነት የተማረከ፣ የአሜሪካ ሥራ ጠመንጃ ነው። ጠመንጃውን በደርግ ጊዜ ቀበሌ ወሰደው፤ ዝናሩ ግን ከነጥይቱ ተደብቆ ቀረ። ደርግ ሲወድቅ አጎቴ አገር ቤት ሄደና "የወንድሜ ዕቃ ነው" ብሎ ከእናቴ ሣጥን አንሥቶ አመጣው። ጥይቱን በጋቢ ጠቅልሎ ኤርፖርት ላይ እንዴት እንዳሳለፈው የሚያወራው ወሬ ራሱን የቻለ ፉከራ ነበር።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንግዳ አይጠፋም። እንግዳ ከመጣ ዝናሩ ይወርዳል። "አያቴ በእያንዳንዷ ጥይት አንድ በሬ ሰጥቶባታል! አንድ ጥይት፣ አንድ በሬ!" ይላል ጣቱን ቀስሮ። ሰዉም "ኧረ!" ይላል። ከዚያ የአሰሳው ታሪክ ይቀጥላል፤ ካድሬዎች ቤታችንን ሊፈትሹ ሲመጡ ዝናሩን ጓሮ ቀብሮ፣ ደረቱን ነፍቶ በር ላይ እንደ ጠበቃቸው።

ውሸቱን ነው! ዝናሩን የደበቀችው እናቴ ናት፤ በርበሬ ማድጋ ውስጥ። ልጅ ብሆንም አስታውሳለሁ። አንዱ ካድሬ ማድጋው ውስጥ እጁን ሊከት ጎንበስ ሲል በርበሬው አፍንጫው ገብቶበት፣ እያስነጠሰና እያለቀሰ ወጣ። አጎቴ በዚያ ሰዓት ጎረቤት ቤት ቆጥ ላይ ተደብቆ ነበር።

ያን እሑድ ታዲያ አንድ ነገር ጨመረበት። እናቴ የዶሮ ወጡን ድስት ይዛ ከወጥ ቤት ስትወጣ በእጁ አመለከታትና፣ "እትዬማ ፈርታ ለቀበሌ ላስረክብ ብላ ነበር። ከእጇ ነጥቄ ነው የቀበርኩት። ምን ታድርግ፣ ሴት አይደለች፣ ፍርሃት ተፈጥሮዋ ነው" ብሎ ሳቀ። እንግዶቹም ሳቁ። እናቴ ድስቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ጭልፋውን አስተካከለች፤ ወደ ቤዝመንት ወረደች። ተከትያት ስወርድ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ታጣጥፋለች፤ መልሳ ትፈታዋለች፤ እንደገና ታጣጥፋለች።

"ፈሪ አለኝ" አለች።

በቤልትዌይ አውራ ጎዳና ወደ አሌክሳንድርያ ስነዳ ደሜ ፈልቷል። ቆይ አንተ ሰውዬ፣ አልኩ፣ በምትመካበት ነገር ነው የማዋርድህ። በሌላ አይደለም፤ በዚያችው በጥይትህ።

እኛ ሱቅ ጥይት እንደ ቆሎ ነው። ከቨርጂኒያ እርሻ የተቆፈረ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እርሳስ በባልዲ ተሞልቶ በር ላይ ይቀመጣል፤ ቱሪስቱ እየመረጠ ይገዛዋል። ግድግዳው ላይ ደግሞ የአንድ የድሮ ነጋዴ የዋጋ ማስታወቂያ በፍሬም ተሰቅሏል፤ ቡና፣ ስኳር፣ ሚስማር፣ እንቁላል፣ ጥይት። እዚያ ስሠራ ስከርም ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። ሰኞ ጠዋት ፊቱ ሄጄ ተገተርኩ። የሱቁ ባለቤት በዕድሜ የገፋ፣ ወሬ የሚወድ አሜሪካዊ ነው። "ያኔ ጥይት ውድ ነበር?" ብዬ ጠየቅኩት። ይህን የሚጠይቀው ሰው ዕድሜ ልኩን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

እሱ እንደ ነገረኝ፣ ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ ፋብሪካዎቹ የነሐስ ቀለሃ በብዛት ማምረት ሲጀምሩ የጥይት ዋጋ ወረደ። አንድ የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደሞዙን ይዞ ቢሄድ አንድ ካርቶን ጥይት ይዞ ሊመለስ ይችል ነበር። አንዷን ጥይት ማስታወቂያው ላይ ካለው እንቁላል ጋር ሳስተያያት ከሁለት ከሦስት እንቁላል አትበልጥም። ይሁን እንጂ ምዕራብ ያሉት የጎሽ አዳኞች አያባክኗትም ነበር አለኝ። የተተኮሰውን ቀለሃ ለቅመው፣ ባሩድና እርሳስ ሞልተው መልሰው ይተኩሱታል። እርሳሱንም ከሞተው ጎሽ ሥጋ ውስጥ በቢላ ፈልቅቀው እንደገና ያቀልጡታል። "ሱቅ የራቀበት ሰው ጥይትን በሳንቲም አይቆጥራትም፤ በመንገዱ ርዝመት ነው የሚቆጥራት" አለኝ።

ይሄን ስሰማ ሁለት ንዴት መጣብኝ። አንደኛው የታወቀ ነው። ሁለተኛው ለቅድመ አያቴ የተናደድኩት ነው። ሁለት እንቁላል የምታወጣ ጥይት ባሕር ተሻግራ ምጽዋ ስትደርስ፣ ነጋዴው ሲጨምርባት፣ ቀረጥ ተቀባዩ ሲጨምርባት፣ ባለ ግመሉ ሲጨምርባት፣ እሱ ደጅ ስትደርስ በሬ ሆናለች። በሬ እኮ የሚታረስበት ነው! ሚስትና ልጅ የሚያድሩበት ነው! ጠመንጃ አንዴ እጁ ከገባ በኋላ ያለ ጥይት ዱላ ስለሆነበት፣ የተባለውን ከመክፈል ሌላ ምን ምርጫ ነበረው? ይሄ ደግሞ ያስፎክራል እንዴ? አንገት ያስደፋል እንጂ።

በሚቀጥለው እሑድ አጎቴ ገና "አንድ ጥይት፣ አንድ በሬ" ከማለቱ፣ "ጋሼ፣ በተሠራችበት አገር እኮ ያኔ ሁለት እንቁላል ነበር የምታወጣው" አልኩ ጮክ ብዬ። ሆን ብዬ ሰው ፊት ነው የተናገርኩት። አጎቴ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"ደሞ ለዚች! የአሮጌ ዕቃ አቧራ ጠራጊ ስለ ጥይት ልታስተምረኝ!"

ሳቁብኝ። ነገሩ ግን ከንክኖታል። እንግዶቹ ሲሄዱ ዝናሩን ከሣጥኑ አውጥቶ በፎጣ ጠቀለለና አሸከመኝ። "በይ ውሰጂና ለዚያ ነጭሽ አሳዪው። ዋጋውን እሱ ይናገር። ከዚያ አፍሽን ትዘጊያለሽ" አለኝ። እኔም "እሺ ጋሼ" ብዬ ወጣሁ፤ ምን ልበል!

ነሐሴ በዋሽንግተን ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። በማግስቱ ዝናሩን የመኪናዬ የኋላ ዕቃ መጫኛ፣ ትራንኩ ውስጥ እንዳለ፣ መኪናዋን ፀሐይ ላይ አቁሜ ሥራ ገባሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ላወጣው ትራንኩን ስከፍት ጠረኑ ተቀበለኝ። የባሩድ ጠረን አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ የጧፍ። ፎጣውን ስገልጠው የጥይቶቹ ጫፍ ጎብጧል፤ አንዳንዱም ቀልጦ ቆዳው ላይ ወርዷል። እርሳስ በፀሐይ ሲቀልጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? "የእግዚአብሔር ያለህ!" ብዬ ታቅፌው ወደ ሱቁ ሮጥኩ።

ባለቤቱ አንዷን ነቅሎ ጫፏን በጥፍሩ ጫር አደረጋት። ጥላሸት የተቀባ ሰም ነው። ከዚያ ገለበጣትና ቂጧን አሳየኝ፤ መካከሏ ላይ ጎድጎድ ያለ ምልክት አለባት። ጠመንጃ ሲተኮስ የሚመታት እዚያ ላይ ነው፤ ይህች ተተኩሳለች ማለት ነው አለኝ። ሌላዋን ነቀለ፤ ሌላዋንም። ሁሉም የተተኮሱ ባዶ ቀለሃዎች ናቸው፤ አፋቸው በሰም ተደፍኗል። "ቀለሃዎቹ እውነተኛ ናቸው፣ የኛ አገር ሥራ ናቸው። ጥይት ግን እዚህ የለም" አለኝ፤ አዝኖልኝ። እኔ ደግሞ በደስታ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው! ለካ ያ ጀግና በጋቢ ጠቅልሎ ኤርፖርት ያሳለፈው ሰም ኖሯል!

አስፈቅጄ በቀጥታ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ነዳሁ። አጎቴ ሥራ ላይ ነው። እናቴ ብቻዋን ወጥ ቤት ቆማ ሽንኩርት ትከትፋለች። ዝናሩን ፊቷ ዘርግቼ የሆነውን ሁሉ ስነግራት አልደነገጠችም። ቢላዋዋን አስቀመጠች።

"ቀለጠ?" አለች። ከዚያ ሳቀች። አሜሪካ ከመጣች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። "የደፈንኩት እኔ ነኝ እኮ።"

ቁጭ ብላ ነገረችኝ። "ከአሰሳው በኋላ አጎትሽን ስሙን ይዘው ይፈልጉት ጀመር። በመተማ በኩል ሱዳን የሚያሻግር አንድ ቆለኛ አገኘሁ። ብር ስሰጠው አልቀበልም አለ። 'በረሃ ላይ ብር ምን ያደርግልኛል? ወጨፎ አለኝ፤ የጠፋኝ ጥይቷ ነው' አለኝ። የዝናሩን ጥይት አንድ ሳላስቀር አውጥቼ ሰጠሁት። 'ባይሆን ከዚህ ቀደም የተኮስክበትን ቀለሃ ስጠኝ' ብዬ ባዶውን ተቀበልኩ። የአባትሽ ዝናር ባዶውን ተንጠልጥሎ ከማይ ብዬ በጧፍ ደፈንኩት፤ ጥላሸት ቀባሁት።"

"እሱ ያውቃል?"

"የት አውቆ! 'ለዘመድ ብሎ ነው የሚያሻግርህ' ነው ያልኩት። ሱዳን የገባሁት በክንዴ ነው ሲል አትሰሚም? እኔም ወንድ ልጅ በጥይት ተለውጦ ወጣ እንዳይባልበት ብዬ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም።"

"አሁንም ዝም ልትዪ ነው?" ጮህኩባት። "ያዳንሽው ሰው ፈሪ እያለሽ፣ አንቺ አንቱ እያልሽው፣ ወጡን እየሠራሽለት?"

ሽንኩርቷን ጨረሰች፤ እጇን ታጠበች፤ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀች። "ደሀ ቢለኝ ዝም እል ነበር" አለች። "ሸክም ሆነችብኝ ቢልም ዝም እል ነበር፤ ብሏልም። ካድሬው ሽጉጡን ግንባሬ ላይ ደግኖ ሳለ 'በርበሬዬን እንዳትደፋብኝ' ያልኩትን ሴትዮ ግን ፈሪ አለኝ።"

"ከተናገርሽ ከዚህ ቤት ትወጫለሽ" አልኳት። እውነቱን ማወቅ አለባት ብዬ ነው።

"ያቺ ያንቺ ክፍል ሁለት ሰው አትችልም?"

"ትችላለች፤ እንጣበባለን እንጂ።"

"በይ ከኮመዲኖዬ ውስጥ ጧፍ አምጪ" አለች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቤዝመንት ቁጭ ብለን ጥይት ሠራን። እሷ ሰሙን በመዳፏ እያሞቀች፣ እያሾለች ቀለሃው አፍ ላይ ትተክላለች፤ እኔ በሚነድ ጧፍ ጭስ አጠቁራለሁ። ጣቷ ቅርጹን አልረሳውም። የጎሽ አዳኞቹን ነገር ስነግራት፣ "ባለሙያ ናቸው" አለች። ስንጨርስ ዝናሩን ከፍ አድርጋ በመስኮቱ ብርሃን አየችው። "ነጩ ዋጋው አይተመንም አለ ብለሽ ንገሪው። የተናገረውን በተናገረበት ቦታ ነው የምመልስለት፤ ሰው ፊት።"

ነገርኩት፤ ዓይን ዓይኑን እያየሁ። አበጠ! ለቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ለጸጉር ቆራጩ፣ ሴቨን ኮርነርስ ላለው ሥጋ ሻጭ ሳይቀር አወራው። ሰንበት ብሎ ሥራ ቦታ ደወለልኝና፣ "ያን ነጭ ለእንቁጣጣሽ ይዘሽልኝ ነይ፤ አይተመንም ያለውን ሰው ፊት ይድገምልኝ" አለኝ። ምን ከፋኝ! ለሱቁ ባለቤት ሁሉን ነገር ዘርዝሬ አስረዳሁትና አፉን እንዲይዝልኝ ለመንኩት። "ይሄንንማ ከፍዬም አየዋለሁ" አለ።

በእኛ ቤት ወግ ወንድ ዝናር በራሱ እጅ አይታጠቅም። የምታስታጥቀው የቤቱ ትልቋ ሴት ናት። አጎቴ ይህን ወግ ይወደዋል። በየእንቁጣጣሹ እናቴን ከወጥ ቤት ያስጠራና፣ ሽሮ በነካው እጇ ሰው ፊት እንድታስታጥቀው ያደርጋል። ለዚያ ዓመት እንቁጣጣሽም ጓሮው በሰው ሞላ። የሱቁ ባለቤት ክራቫቱን አስሮ ከፊት ተቀምጧል፤ እኔ ከአጠገቡ። የእናቴ ሻንጣ ከጠዋት ጀምሮ መኪናዬ ውስጥ ነው። መጨረሻ ሰዓት ላይ ታዝንለታለች ብዬ ነበር የፈራሁት።

አጎቴ ፎከረ። በሬውን አለ፤ በጓሮ መቅበሩን አለ፤ በክንዱ ሱዳን መግባቱን አለ፤ "ሴት ፈርታ ልታስረክበው የነበረውን!" አለ። "ይኸው የአሜሪካ ዐዋቂም ዋጋው አይተመንም ብሏል!" ብሎ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ቆመ። "እትዬ! አስታጥቂኝ!"

እናቴ መጣች። ነጠላዋን አደግድጋለች። ዝናሩን ተቀብላ ወገቡ ላይ ልታዞር ስትል ቆም አለችና አንዷን ጥይት ነቀለች። ጫፏን በአውራ ጣቷ ስትጫነው ለጥ አለ። ከፊት ያሉት ሁሉ አዩ። ሰሙን ከቀለሃው መንጭቃ አወጣችና መዳፉ ላይ አኖረችለት።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለ።

"ጧፍ ነው" አለችው። "አብራው።"

አንቱ መቅረቱን ከማንም በፊት የሰማው እሱ ራሱ ነው፤ ፊቱ ሲለዋወጥ አይቻለሁ።

"ጥይቶቹ መተማ ቀርተዋል" አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። "አንተን ያሻገረህ ቆለኛ ብር አልቀበልም ቢለኝ ከበርበሬ ማድጋዬ ውስጥ አውጥቼ የሰጠሁት እነሱን ነው። በክንድህ አልገባህም፤ በጥይት ተለውጠህ ነው የገባኸው። የለወጥኩህም እኔ ፈሪዋ ነኝ።"

አጎቴ ሰሙን እንደ ያዘ ዙሪያውን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ዓይኔን አልሰበርኩለትም። "እትዬ፣ ዋጋው..." ብሎ ጀመረ፤ ምን ሊል እንደ ነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

"ዋጋውማ አንድ ጥይት አንድ በሬ ነው ትል የለ?" አለችው። ዝናሩን በራሷ ትከሻ ላይ አደረገች። ከዚያ ከእግሩ እስከ ራሱ ቀስ ብላ ተመለከተችው፤ ገበያ ላይ የቆመ ከብት እንደምትመርጥ ሴት። "ያን ሁሉ በሬ አውጥቼ የገዛሁት አንተን ነው። ምነው በሬዎቹ በቀሩልኝ!"

የሱቁ ባለቤት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ዋት ዲድ ሺ ሴይ?" አለኝ። ምን እንዳለች በሹክሹክታ ልነግረው እችል ነበር። ብድግ ብዬ ቆምኩና ጮክ ብዬ፣ ቃል በቃል በእንግሊዝኛ ተረጎምኩለት። አጎቴ ሁለቱንም ቋንቋ ስለሚያውቅ ሁለት ጊዜ ሰማው።